ከሹመት ተነሱ፣ ከፓርቲ ግን አልተነሱም፦ የጌታቸው አሰፋ ጉዞ ሲብራራ

መስከረም 2011 ላይ ሀዋሳ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከመስከረም 23 እስከ 25 ከተማዋ የኢህአዴግን 11ኛ ድርጅታዊ ጉባኤ አስተናግዳለች። ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ብዙዎቻችሁ ያኔ ገና ተማሪዎች ነበራችሁ፤ ከጉባኤው የቀረላችሁ ትዝታ የፌዴራል ፖሊስ ብዛት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሀዋሳም ያኔ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ሲዳማ ገና ክልል አልሆነም።

የዚያ ሳምንት ትልቁ ዜና ዐቢይ አህመድ ከ177 ድምፅ 176ቱን አግኝተው የግንባሩ ሊቀመንበር ሆነው መመረጣቸው ነበር። ደመቀ መኮንን በ149 ድምፅ ምክትል ሆኑ። ሁሉም ሚዲያ ይሄንን ዘገበ። እኛ ግን ዛሬ የምናወራችሁ ከጉባኤው በኋላ ግንባሩን ይመራሉ ከተባሉት 36 የሥራ አስፈጻሚ አባላት መሃል ስላለ አንድ ስም ነው።

ስሙ ጌታቸው አሰፋ ነው። (ከጌታቸው ረዳ ጋር እንዳታምታቱት፤ ሁለቱም የሕወሓት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።) አቶ ጌታቸው አሰፋ ከጉባኤው አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ከብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተርነት ተነስተዋል። ከጉባኤው ጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት በወንጀል የሚፈልጋቸው ሰው ሆነዋል። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የስለላ አለቃ፣ ከሥልጣን የወረደ፣ የገዢው ግንባር ሥራ አስፈጻሚ እና ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል? ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

1993 ላይ ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም ነበር። መለስ ዜናዊ በአንድ ወገን፣ ከእሳቸው ጋር የተጣሉት የትግል ጓዶቻቸው በሌላ ወገን ሆኑ፤ መለስ አሸነፉ። የዚያን ጊዜ የደህንነቱ ኃላፊ ክንፈ ገብረመድህን ከመለስ ጎን ነበሩ። ግንቦት 4 ቀን 1993 አዲስ አበባ ውስጥ መኮንኖች ክበብ በጥይት ተገደሉ። ተቋሙ ያኔ ስሙ ረጅም ነበር፦ የደህንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን። የክንፈን ቦታ የያዙት ከትጥቅ ትግሉ ጀምሮ በሕወሓት ውስጥ የቆዩት ጌታቸው አሰፋ ናቸው።

ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ቆዩ። ልብ በሉ፣ 17 ዓመት። መለስ ነሐሴ 2004 ሲያርፉ እሳቸው እዚያው ነበሩ። ከደቡብ ክልል ፕሬዚዳንትነት ተነስተው አራት ኪሎ የደረሱት ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ሥልጣን ሲለቁም እዚያው ነበሩ። ሦስተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መጋቢት 24 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙም ቦታቸው ላይ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ፊታቸውን የሚያውቅ ሕዝብ እምብዛም አልነበረም። ፎቷቸው እንኳ ብርቅ ነበር። ሚኒስትሮች ሪባን ሲቆርጡ፣ መግለጫ ሲሰጡ በየቀኑ እናያለን፤ የደህንነት ሹሙ ግን በስም ብቻ የሚታወቅ፣ ስሙም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠራ ሰው ነበር።

እሺ፣ ያ ተቋም ምን ያህል ሰፊ ነበር? ቀላሉ ምሳሌ ፓስፖርት ነው። ዛሬ ፓስፖርት የሚሰጠው ኢሚግሬሽን እስከ 2011 መጀመሪያ ድረስ የደህንነቱ አንድ ክፍል ነበር። ከአገር ልትወጣ ስትል ፓስፖርትህን የሚሰጥህም የሚከለክልህም፣ አየር ማረፊያ ላይ የሚያስቆምህም ያው አንድ ቤት ነበር ማለት ነው። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 804 ተቋሙን እንደገና ሲያቋቁመው ተጠሪነቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አድርጎታል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉልበት ግን የመጣው በ2001 ከወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ነው። ይሄ ስልክ ለያዘ ሰው ሁሉ የሚመለከት ነገር ስለሆነ ትንሽ ቆም ብለን እንየው። አንቀጽ 14 ደህንነቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ የስልክ፣ የኢንተርኔትና የፖስታ ግንኙነት እንዲጠልፍ ይፈቅድለታል። እስከዚህ ድረስ በሌሎች አገሮችም ያለ ነው። ጉዱ ያለው አንቀጽ 23 ላይ ነው። በሽብር ክስ ላይ የመረጃ ተቋም የሚያዘጋጀው ሪፖርት፣ ምንጩ ማን እንደሆነና መረጃው በምን መንገድ እንደተገኘ ባይገለጽም፣ በማስረጃነት መቅረብ ይችላል ይላል። ምን ማለት መሰላችሁ? ተከሳሹ «ይህን ያለው ማነው? የት ሰማ?» ብሎ መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ አይችልም። ጆሮ ጠቢው ችሎት ሳይቀርብ ቃሉ ብቻ ይቀርባል።

ሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች የተከሰሱት በዚሁ አዋጅ ነው። ስድስት ጦማሪዎች፣ ሦስት ጋዜጠኞች። ከቀረበባቸው ነገር አንዱ የኢንተርኔት ግንኙነታቸውን ከጠላፊ መጠበቅ የሚያስችል ስልጠና መውሰዳቸው ነበር። ዛሬ ማንኛችንም ስልካችን ላይ የምንጠቀምበት የተመሰጠረ መልእክት ያኔ የሽብር ምልክት ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ከዓመት በላይ ታስረው፣ ከፊሎቹ ክሱ ተቋርጦላቸው፣ ሌሎቹ ከሽብር ክሱ ነጻ ተብለው ወጡ። አዋጁ ራሱ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

በነገራችን ላይ ሕዝቡ «ደህንነት» ሲል ሁሉንም ጠቅልሎ ነው። ማዕከላዊ በወረቀት የፌዴራል ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ነበር። ኢንሳ ደግሞ ሌላ ተቋም ነው፤ ሥራው የኮምፒውተርና የኔትወርክ ደህንነት ነው። ኢንሳን እዚህ ያነሳነው በምክንያት ነው። ተቋሙ በ1999 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ፣ በኋላም በተጠባባቂነት የመሩት፣ ዐቢይ አህመድ ናቸው። ስለዚህ 2010 ላይ ለውጥ ሲመጣ ሥልጣን የያዙት ሰው የስለላን ቤት ከውጭ የሚያዩ አልነበሩም። ጓዳውን ያውቁታል።

እናም ግንቦት 30 ቀን 2010፣ ሥልጣን በያዙ ሁለት ወር ከሳምንት ገደማ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን በአንድ ቀን አነሱ። ኤታማዦር ሹሙ ሳሞራ የኑስ በሰዓረ መኮንን ተተኩ። ጌታቸው አሰፋ በጄኔራል አደም መሐመድ ተተኩ። ብዙ ሰው ያኔ «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ነበር። ሰኔ 11 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ሰው ማሰቃየት የመንግሥት ሽብር እንደሆነ፣ መንግሥትም ይህን ሲያደርግ እንደነበር በግልጽ ተናገሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ሰኔ 16 መስቀል አደባባይ በተደረገው የድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ዐቃቤ ሕግ በኋላ የደህንነት ሰዎች እጅ አለበት ብሏል።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ቁልፉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ኢህአዴግ አንድ ፓርቲ አልነበረም፣ የአራት ፓርቲዎች ግንባር ነበር። ሕወሓት፣ በዚያው ሰሞን ስማቸውን የቀየሩት አዴፓና ኦዴፓ፣ እና ደኢህዴን። እያንዳንዱ ፓርቲ 9 ሰው ለሥራ አስፈጻሚ፣ 45 ሰው ለምክር ቤት ይልካል። አራት ጊዜ ዘጠኝ 36፣ አራት ጊዜ 45 ደግሞ 180 ነው። የአባላት ብዛት አይታይም፤ ትንሹም ትልቁም እኩል ወንበር አለው። ማን ይላክ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ እያንዳንዱ ፓርቲ ለብቻው፣ በራሱ ጉባኤ ነው። ግንባሩ የተላከለትን ይቀበላል።

ሕወሓት በዚያው መስከረም መቐለ ላይ 13ኛ ጉባኤውን አካሂዶ ዘጠኝ ሥራ አስፈጻሚዎቹን መረጠ። ደብረጽዮን ገብረሚካኤል፣ ፈትለወርቅ ገብረእግዚአብሔር፣ ጌታቸው ረዳና ሌሎቹም አሉበት። ጌታቸው አሰፋም አሉበት። የሀዋሳው ጉባኤ ሲደርስ ያ ስም በቀጥታ የግንባሩ ሥራ አስፈጻሚ ዝርዝር ውስጥ ገባ። 176 ድምፅ ያገኙት ሊቀመንበር በመንግሥት በኩል ያነሱትን የስለላ አለቃ በፓርቲ በኩል ማንሳት አይችሉም ነበር። የመንግሥት ሹመት የሚሰጠውና የሚነሳው አዲስ አበባ ነው፤ የዚያ ሰው የፓርቲ ወንበር ግን መቐለ ነበር።

ይህ የሕወሓት ብልጠት ብቻ አይደለም። ግንባሩ የተሠራው እንዲህ ነው። 27 ዓመት ሙሉ አራቱም ፓርቲዎች የጠቀማቸውን ያህል ተጠቅመውበታል። የእኛ አስተያየት ከተጠየቀ፣ የደህንነት ሹሙ ጉልበት ከአዋጁ ይልቅ የመጣው ከዚህ አሠራር ነው። አንድ ሰው የስለላ ተቋም መሪም የገዢው ፓርቲ አመራርም ከሆነ፣ እጁ ላይ ያለው መረጃ ስለ አገር ጠላት ብቻ አይሆንም። ግምገማ ላይ አብሮት ስለሚቀመጠው ጓድም ያውቃል። ማን ምን ሸጠ፣ ማን ከማን ጋር አመሸ፣ የማን ልጅ የት ይማራል። ያንን የሚያውቅ ሰው ፊት ደፍሮ የሚናገር ጓድ ብዙ አይገኝም።

ከሀዋሳ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። ጥቅምት 6 ቀን 2011 አዲስ ካቢኔ ተሾመ፤ ግማሹ ሴቶች የሆኑበት፣ ሁላችሁም የምታስታውሱት። በዚያ ቀን የሰላም ሚኒስቴር የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ተፈጠረ፤ ደህንነቱ፣ ኢንሳና ፌዴራል ፖሊስ ከሥሩ ሆኑ። ኢሚግሬሽንም ከደህንነቱ ተነጥሎ ወጣ። ሚኒስትሯ የደኢህዴን ሊቀመንበር የነበሩት ሙፈሪያት ካሚል ናቸው።

ኅዳር 3 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ፀጋዬ መግለጫ ሰጡ። አምስት ወር የፈጀ ምርመራ ተደርጓል አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ሰባት ድብቅ እስር ቤቶች እንደነበሩ፣ ሰዎች በኤሌክትሪክ እንደተሰቃዩ፣ ጥፍራቸው እንደተነቀለ፣ እንደተደፈሩ ዘረዘሩ። ከደህንነቱና ከሜቴክ በርካታ ሰዎች መታሰራቸውን ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ የደህንነቱ ምክትል ኃላፊ የነበሩት፣ ለጥቂት ወራትም የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ሆነው የሠሩት ያሬድ ዘሪሁን ተያዙ። አለቃቸው ግን አልተያዙም። መቐለ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የእስር ማዘዣ ካለ ፌዴራል ፖሊስ ሄዶ አይይዝም ወይ? በሕጉ ይይዛል። የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ማዘዣው በመላ አገሪቱ ይሠራል። በተግባር ግን ፌዴራል ፖሊስ በአንድ ክልል ውስጥ ሰው የሚይዘው ከክልሉ ፖሊስ ጋር ሆኖ ነው። የክልሉ መንግሥት አልተባበርም ካለ፣ የሚፈለገው ሰው ደግሞ የዚያው ክልል ገዢ ፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ከሆነ፣ የቀረው ምርጫ ጉልበት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ጉልበት ለመጠቀም የደፈረ አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ የትግራይ ክልል ተፈላጊዎችን አሳልፎ ሊሰጥ ፈቃደኛ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። የክልሉ መሪዎች ደግሞ ዘመቻው ፍትህ ሳይሆን ፖለቲካ ነው፣ አንድን ሕዝብ ያነጣጠረ ነው ብለው መለሱ።

የሁለተኛውን ወገን ክርክር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኢህአዴግን አራት ፓርቲ በጋራ መርቷል። ደህንነቱ በሕግ ተጠሪ የነበረው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የሽብር አዋጁን ያጸደቀው ፓርላማ ውስጥ እጅ ያወጡት የአራቱም ፓርቲና የአጋሮቻቸው ተመራጮች ናቸው። ታዲያ ተጠያቂነቱ ለምን አንድ ደጃፍ ላይ ብቻ ቆመ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ይሄ ጥያቄ ጥፍሩ ለተነቀለው ሰው መልስ አይሆንም። ያ ሰው ኦሮሞ ነው፣ አማራ ነው፣ ሶማሌ ነው፣ ሲዳማ ነው፣ ትግሬም ነው። ያሰቃየው ሰው ስም እንዳለውና መታወቅ እንዳለበት ነው የጠየቀው።

በሚያዝያ 2011 መጨረሻ ዐቃቤ ሕግ በጌታቸው አሰፋና በሌሎች 25 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። አራቱ፣ አቶ ጌታቸውን ጨምሮ፣ በሌሉበት ነው የተከሰሱት። «በሌሉበት» ሲባል ብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ12 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ተከሳሹ ባይቀርብም መዝገቡ እንዲታይ ይፈቅዳል። መጀመሪያ በጋዜጣ ጥሪ ይደረጋል፣ ካልቀረበ ምስክር እየተሰማ ይቀጥላል። ሆኖም ክስ ክስ ነው፤ ፍርድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ አለ ያልነውን ሁሉ በዚሁ መልክ አንብቡልን።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ኢህአዴግ 2012 ላይ ፈርሶ ብልጽግና ተመሠረተ፣ ሕወሓት አልገባም አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ጦርነቱ ተጀመረ። የአንድ ሰው ማዘዣ የነበረው ጉዳይ ከዚያ ሁሉ ሞትና መፈናቀል በታች ተቀበረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በሕወሓት በኩል የፈረሙት ጌታቸው ረዳ፣ በመንግሥት በኩል ሬድዋን ሁሴን ናቸው። መጋቢት 2015 ፍትህ ሚኒስቴር ከጦርነቱ ጋር በተያያዘ በሕወሓት ሰዎች ላይ የነበሩ ክሶችን አቋረጠ። የ2011ዱ የሰቆቃ ክስ ግን ከጦርነቱ በፊት የተከፈተ፣ ይዘቱም ሌላ የሆነ መዝገብ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ካጋጠማችሁ ይቺን ንገሩት።

ደህንነቱስ ምን ሆነ? ጌታቸው አሰፋ ብቻቸውን 17 ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር ከ2010 እስከ 2016 አራት ሰው ተቀምጦበታል። አደም መሐመድ፣ ሰኔ 2011 ጄኔራል ሰዓረ ሲገደሉ ኤታማዦር ሹም ሆነው ሄዱ። ደመላሽ ገብረሚካኤል ጥቅምት 29 ቀን 2013 ወደ ፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነርነት ሄዱ። በዚያው ቀን ከአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት ተነስተው የመጡት ተመስገን ጥሩነህ፣ ከዚያ በፊት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የደህንነት አማካሪ ነበሩ። ጥር 2016 ላይ የብልጽግና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ጥር 30 ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በእሳቸው ቦታ የገቡት የፕሪቶሪያው ፈራሚ፣ የቀድሞው የደኢህዴን ሰው ሬድዋን ሁሴን ናቸው። አሁን ማንም 17 ዓመት አይቆይም፤ ይሄ አንድ ለውጥ ነው። ከፓርቲ ወደ ደህንነት፣ ከደህንነት ወደ ፓርቲ የሚያስወጣው በር ግን እንደተከፈተ ነው።

የሰቆቃው ጉዳይ በሕግ በኩል ያለበትን ማወቅ ለምትፈልጉ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28 ላይ ክፈቱት፤ ስልካችሁ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ከእነዚህም አንዱ ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊት፣ በይርጋ አይታገድም ይላል። ፓርላማም ሆነ ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ ሊያልፈው አይችልም ይላል። ሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ ደግሞ እንዲህ ያሉ ወንጀሎችን የሚይዝ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንዲቋቋም ያዛል።